ፓውዛ የገዛሁ ሰሞን

ሰው ስለ ቤት ሲጨቃጨቅ የሚጨቃጨቀው ስለ ውስጡ ነው። ስለ ሳሎኑ ቀለም፣ ስለ መጋረጃው፣ ሶፋው ወደየት ዞሮ ይቀመጥ ስለሚለው። ስለ ውጭው የሚጨነቅ ብዙ የለም። ቀን ቀን ፀሐይ ታበራዋለች፣ ሲመሽ ደግሞ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም እንደዚያ ሳስብ ኖሬ ነበር። አባቴ ከደረጃው ላይ ወደቁና፣ በቃ፣ የውጭውም ጉዳይ የእኔ ሆነ።

አባባ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ላንቻ ካለው ቤታችን ከእኔና ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እሳቸው ግን «አቧራ ነው» ነው የሚሉት። በየምሽቱ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። ከውጭ በሩ እስከ ቤታችን ደጃፍ የሚወስደው የድንጋይ ደረጃ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ የሠራው ሰው የተጣላው ሳይኖር አይቀርም። አንድ ቀን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አባባ እግራቸው ስቶ ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፣ ክንዳቸው ግን ክፉኛ ተላጠ። ሰብለ ቁስሉን እያጠበች ቀና ብላ አየችኝ። ያገባችሁ ይህን አስተያየት ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ ስወጣ መብራት ፍለጋ ጀመርኩ። «የውጭ መብራት ስጡኝ» ብሎ ገዝቶ መሄድ ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለሱቁ ጥያቄ ደረደረብኝ። ኤልኢዲ መሆኑስ ይሁን፤ ነጭ ነው ቢጫ? ስንት ዋት? ዝናብ የሚችል? ሰው ሲያይ ራሱ የሚበራው? በፀሐይ የሚሠራው? ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወይስ መሬት ላይ የሚተከል? ለሥራ ስፈተን እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅኩም። የቢሮ ጓደኞቼን ባማክር ሁሉም የመብራት ሊቅ ሆነው ተገኙ፤ ሁለት የሚስማሙ ግን አልነበሩም። ሰብለ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ እንዳይሆን፣ ግቢውን ክሊኒክ ያስመስለዋል።

ከሱቅ ሱቅ ስዞር ሰንብቼ መጨረሻ ላይ ባምቢስ አካባቢ አንዲት ሻጭ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ትልቅ ቢጫ ፓውዛ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እቺን ይውሰዱ፤ ሰፈሩን ቀን ነው የምታደርገው» አለችኝ። ወሰድኩ። ስለመረጥኳት አይደለም፣ ስለደከመኝ ነው። ብዙውን የሕይወቴን ምርጫ የመረጥኩት እንዲሁ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ ከቤቱ በር በላይ፣ ፊቷን ወደ ደረጃው አድርጎ ሰቀላት። ሲመሽ አበራናት። እውነትም ቀን ሆነ። ገመድ ላይ የቀረው ልብስ ታየ፤ የአጥሩ ግንብ ቀለሙ የተገፈፈ መሆኑም ታየ። ሰብለ እንኳ ሳትወድ በግድ ፈገግ አለች። ያን ምሽት እንደ እኔ ያለ ልጅ የወለዱ አባት ምንኛ ታደሉ እያልኩ ተኛሁ።

የታደሉት አባት ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆሙ። መጀመሪያ ጉልበቴን አሉ። ቀጥለው ብርዱን አሉ። ከዚያ እግዚአብሔር ቤትም ውስጥ ይሰማል አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ አሉ። እራት አይበሉ፣ ዜና አይሰሙ። ሰብለ ሐኪም ይያቸው አለች። እኔ አንድ ምሽት አጠገባቸው ተቀምጬ ምን እንደሆኑ ለመንኳቸው። ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገለጡ።

«መብራትህ ደረጃውን አያሳየኝም፣ ልጄ። ዓይኔ ውስጥ ነው የሚገባው። የሚያሳየው እኔን ነው።»

ቀስ እያሉ አስረዱኝ። ድሮ ሲመሽ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ድንጋዩን በጫማቸው እየሞከሩ ይወጡ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም አያያቸውም። አሁንም የሚወጡት እየዳሰሱ ነው፣ ያውም ብርሃኑ እያጥበረበራቸው። ልዩነቱ፣ አሁን ፊት ለፊት ያለው ፎቅ በረንዳ ላይ የቆመ ሁሉ ያያቸዋል። ባለፈው በመንገድ የሚያልፍ አንድ ጎልማሳ አይቷቸው ሮጦ መጣና እጃቸውን ይዞ እስከ በሩ አደረሳቸው።

«ክፍልፋይ ያስተማርኩት ልጅ ነው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «አላወቀኝም።»

ስንት ዋት ይበቃል እያልኩ ከተማውን ሳዳርስ የሰነበትኩት ሰውዬ፣ ባለጉዳዩን ቤቴ አስቀምጬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ አብረን ወደ መብራት ሱቅ ሄድን። አባባ ሱቁ ውስጥ ያለውን መብራት ሁሉ አስበሩት። ከእያንዳንዱ ሥር መዳፋቸውን እየዘረጉ ጥላውን ያያሉ፤ ሻጩ ስለ ዋት ሲያወራ አይሰሙትም። በመጨረሻ ከላይ ቆብ ያላት፣ ብርሃኗን ወደ ታች ብቻ የምታፈስ ትንሽ መብራት አነሱ።

«ይቺ አንገቷን የደፋች ናት» አሉ። «እሷን እንውሰድ።»

መሰሎቿን ጨምረን ገዛንና ከደረጃው ጎን፣ ከቁርጭምጭሚት ብዙም ሳይርቅ አስተከልናቸው። ሲመሽ ድንጋዩ ብቻ ይታያል፤ ሰውየው አይታይም። አባባ በዚያው ምሽት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ እኔ መስኮት ሥር ቆሜ ነበር። የሰማሁት የጫማቸውን ድምፅ ብቻ ነው። አልቸኮለም፣ አልተደናቀፈም። ገብተው እራት አቅርቡ አሉ።

ፓውዛዋን አስነቅዬ ያበቃልኝ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከአጥራችን ውጭ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ወይንሸት የምትባል ሴት ከሥራ ስመለስ አስቆመችኝ። ለካ ፓውዛዋ ከበራች ወዲህ ነው ሥፍራውን የያዘችው።

«ጋሼ፣ የጉሊቱን መብራት ማን ነቀለብን?»

የእኔ ነው፣ ለግቢዬ ነው የገዛሁት፣ አባቴ እንዲህ ሆነው ነው... ልል ጀምሬ ደከመኝ። ኤሌክትሪሻኑን መልሼ ጠራሁ። ፓውዛዋ አሁን አጥሩ ላይ ናት፤ ፊቷን ወደ ውጭ፣ አንገቷን ወደ ቲማቲሙ ደፍታ። በግቢያችን ያለው ትልቁ መብራት ለግቢያችን አይበራም።

ትናንት ማታ ሰብለ በፓውዛዋ ብርሃን ከወይንሸት ቲማቲም ገዝታ ገባች። እንዴት እንደቀላ አየኸው ብላ ወጥ ቤት ወስዳ ዘረገፈችው። ግማሹ አረንጓዴ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።