ስድስት ሰው የምትይዘው ጀልባ

ደስታ ያለ ደንብ ስድነት ነው። ይህ አባባል በመሥሪያ ቤታችን መግቢያ ላይ በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ያፈለቁትም ክቡር ኃላፊያችን ናቸው። መሥሪያ ቤታችን የእንግዶችና የቤተሰብ ሽርሽር ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ይባላል። ከተማችንን ሊያዩ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው የሚመጡ እንግዶች እንዲሁ ዘለው ደስ እንዳይላቸው፣ በአግባቡና በቅደም ተከተል ደስ እንዲላቸው የምንተጋው እኛ ነን። እኔ በዚህ የተከበረ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲናገሩ ጽፌአለሁ። እግዜር ይመስገን፣ አንድም ቀን ሐሳብ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

«ለቤተሰብ የሚመቹ አሥራ ስድስት መስህቦች» የሚል በራሪ ጽሑፍ አለን። በተራ ቁጥር አንድ የተመዘገበው ፏፏቴ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ የፈነዳው ቧንቧ ነው። የውሃ ሠራተኞች ሊጠግኑት መፍቻ ይዘው ቢመጡም በደብዳቤ አስቁመናቸዋል። ተራ ቁጥር አራት የቆመችው የአደባባይ ሰዓት ናት፤ ልጆች ሰዓትን በግምት ይማሩባታል። ተራ ቁጥር ሰባት የራሳችን የቢሮ ደረጃ ነው። እንግዶች የጉብኝት ፈቃድ ለማውጣት ሲወጡና ሲወርዱ ስለሚውሉ፣ እስካሁን ከፍተኛውን የጎብኚ ቁጥር ያስመዘገበው እሱ ነው።

የሁሉም አክሊል ግን ተራ ቁጥር አሥራ ስድስት ነው፦ ኩሬውና ጀልባዋ። ኩሬው እውነትም ያምራል። ዙሪያውን ዛፍ ነው፣ ዳክዬዎች አሉ፣ ስድስት ሰው የምትይዝ ቢጫ ጀልባም አለች። በሩ ላይ «ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና ለወላጆቻቸው ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ሥር ደግሞ የጡጫ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ምክንያቱም ጀልባዋ ለሕዝብ ከመከፈቷ በፊት በናሙና ቤተሰብ መፈተሽ አለባት። የናሙና ቤተሰብ መስፈርት ጥናት ይጠይቃል፤ ጥናቱም ይኸው አራት ዓመት ሆነው። እስከዚያው እንግዶች በአጥሩ ቀዳዳ እንዲያዩ ተፈቅዷል። ጀልባ ዝም ብላ ከቆመች እንጨቷ ይሰነጠቃል ስለተባለ፣ ቀዛፊው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ገብተው ባዶዋን አንድ ዙር ያዞሯታል።

በቀዳዳው ከሚያዩት አንዷ የእኔው ልጅ ናት። ክርክር ስለማትለቅ ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» እንላታለን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አቅፋ አጥሩ ሥር ትቆማለች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች «ጀልባዋ ስትከፈት መጀመሪያ የምንገባው እኔና አንቺ ነን» ብዬ ቃል ገባሁላት። ቃሌን ረስቼው አይደለም። እሑድ እሑድ ስብሰባ አለብን። አጀንዳውም «ቤተሰቦች እሑድን አብረው የሚያሳልፉበትን መንገድ ስለመቀየስ» ነው።

ልጅ ደግሞ ሲያድግ ስብሰባ አይጠብቅም። ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ ሰኞ ስንት ዓመት እንደሚሞላኝ ታውቃለህ?»

«አሥራ... አንድ?»

«አሥራ ሁለት። ሰሌዳው ከአሥራ ሁለት በታች ነው የሚለው። ያለችኝ ይቺ እሑድ ብቻ ናት።»

«ጉዳዩ እኮ በሂደት ላይ ነው፣ የእኔ እናት።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ተይው ልጄ፤ አባትሽ ማኅተም ያላረፈበት ቃል አይቆጠርለትም» አለች። ልጄ አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ጫማዬን ያሰርኩት ግራና ቀኙን አቀያይሬ እንደነበር ያወቅኩት ቢሮ ስደርስ ነው።

በዚያው ቀን ስብሰባ ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ። ክቡር ኃላፊ መስኮት እንዲከፈት የጠየቅኩ መስሏቸው «ይከፈትለት» አሉ። እኔ ግን ቤተሰቤን ለናሙና አቀረብኩ። ከእኔ በፊት ሰባት ሠራተኞች አመልክተው ወድቀዋል። አንዱ ልጆቹ ስድስት በመሆናቸው «ይህ ቤተሰብ ሳይሆን ሰልፍ ነው» ተብሎ ተሰናበተ። የቤተሰብ ደስታ ባለሙያችን ደግሞ በእሑዱ ስብሰባ የተነሳ ሚስቱ ጥላው ስለሄደች መስፈርቱን ሳያሟላ ቀረ።

«አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ» አሉ ክቡር ኃላፊ በጣታቸው እየቆጠሩ። «የተሟላ ነው። ለእሑድ ይሁን።»

ልቤ ዘለለች። ይህን ጊዜ የደኅንነት ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው አደጋን ከሩቅ የሚያሸት ነው፤ ከአደጋ ሁሉ የሚፈራው ግን ደስታን ነው።

«አንቀጽ ዘጠኝ አለ» አለ። «ቃለ ጉባኤ ያዥ የሚመዘግበው ጉዳይ አካል ሊሆን አይችልም። አባትየው ጀልባ ላይ ከወጣ ማን ይመዘግባል?»

«ታዲያ አባቱን ማን ይተካው?» አሉ ክቡር ኃላፊ።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ክቡር ኃላፊ ክራባታቸውን አስተካከሉ። «ኃላፊነትን ሸሽቼ አላውቅም» አሉ፤ ጭብጨባው ለሦስት ደቂቃ ቀጠለ። እኔም በንጹሕ የእጅ ጽሑፌ እንዲህ ስል መዘገብኩ፦ «የቃለ ጉባኤ ያዡ ባለቤትና ሁለት ልጆች፣ በክቡር ኃላፊ አባትነት እንዲዝናኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ቤት ገብቼ ስናገር ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«እሺ፣ አንተስ?»

«እኔ ዳር ቆሜ እመዘግባለሁ።»

«ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ዳኛዋ ግን ፍርዷን ሰጠች። «አንተ ከሌለህበት ቃልህ አልተፈጸመም። እሄዳለሁ፤ ግን አልተፈጸመም።»

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጡጫ ያህሉ ቁልፍ ተከፈተ። ክቡር ኃላፊ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ደፍተው መጡና ሪባን ቆረጡ፤ ንግግርም አደረጉ። «ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት ነው» አሉ። «መሠረት ደግሞ ውሃ ላይ ሲቀመጥ...» ብለው ትንሽ አሰቡ። «...ይረጥባል!» አጨበጨብን። ንግግሩ ይህን በመሰሉ ቁም ነገሮች ተሞልቶ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ዘለቀ። የአምስት ዓመቱ ትንሹ ልጄ በዚህ መሐል ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጨርሶ ነበር፤ ይህም ኋላ ላይ ከአጀንዳ ውጭ የሆነ ነጥብ አስነሥቷል።

ከዚያ መሳፈር ሆነ። ክቡር ኃላፊ ገቡ፤ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ገቡ፤ አራት። ለበራሪው ጽሑፍ ፎቶ ስለሚያስፈልግ ፎቶ አንሺው ገባ፤ አምስት። የደኅንነት ኃላፊው ገባ፤ ስድስት። ቀዛፊው አንድ እግራቸውን ሲያነሡ የደኅንነት ኃላፊው እጁን ዘረጋ።

«አባቴ፣ ወዴት ነው? ጀልባዋ የምትይዘው ስድስት ሰው ነው። እርስዎ ትርፍ ነዎት።»

ቀዛፊው ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ያነሡትን እግር መለሱ። «መቅዘፊያው እዚያ፣ ቀዛፊው እዚህ» አሉ። «ግድ የለም፤ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ መላ አይጠፋችሁም።» ጀልባዋን በእግራቸው ገፋ አደረጓትና አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ መፈልፈል ጀመሩ። ደንቡ በትክክል ሲከበር ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ጀልባዋ በተገፋችበት ጉልበት እስከ ኩሬው መሐል ሄዳ ቀጥ አለች። ክቡር ኃላፊ ሁለቱን መቅዘፊያዎች ጨበጡ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ሳቡ። ጀልባዋ በዚያው ባለችበት ትሽከረከር ጀመር።

«ክብ ሽርሽር ነው!» ሲሉ ወደ እኔ ጮኹ። «ቤተሰቡ አራቱንም አቅጣጫ እንዲያይ ታስቦ ነው! መዝግብ!»

መዘገብኩ።

«ጌታዬ፣ ሁለቱንም እጅ እኩል ይሳቡ!» አሉ ቀዛፊው ኦቾሎኒ አፋቸው ውስጥ እንዳለ።

«ሐሳቡን በጽሑፍ ያቅርብ!»

በስምንተኛው ዙር የደኅንነት ኃላፊው ፊቱ አመድ መሰለ። ዋና እንደማይችልም ያን ጊዜ ገለጸ። ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለ። ክቡር ኃላፊ ባስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ፤ ጀልባ ላይ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ዳር ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥብ በጩኸት ይደርሰኝ ነበር። በአንደኛ ደረጃ «ከየብስ የቴክኒክ ድጋፍ እንዲጠየቅ» ተወሰነ። ድጋፍ የሚያደርስ ሌላ ጀልባ ስለሌለ በሁለተኛ ደረጃ «ሁኔታው በትዕግሥት እንዲታለፍ» ተወሰነ።

«እኔ ልቅዘፍ?» አለች ልጄ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ ክቡር ኃላፊ። «ድምፅም የለሽም።»

ባለቤቴ ብድግ ስትል ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ አለች። «አንተ! ምን ገትሮህ ትቆማለህ? አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

«እየመዘገብኩ ነው!»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ!»

«እሱንም ልመዝግበው?»

መልሷን ልጻፈው ብል ወረቀቱ ይቀደዳል። በስተመጨረሻ የወሰነው ስብሰባው አይደለም፤ የክቡር ኃላፊ መዳፍ ነው። ውሃ ቋጠረ። መቅዘፊያዎቹን ለቀቋቸው፤ ሊንሸራተቱ ሲሉ ልጄ ቀለብ አደረገቻቸው። ማንንም አላስፈቀደችም። ወደ ኋላ ዞራ ተቀመጠች፣ እግሯን አስደገፈች፣ ሁለቱንም እኩል ሳበች። ጀልባዋ ሽክርክሯን ትታ ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣች።

ቀዛፊው ኦቾሎኒውን ጥለው ተነሡ። «እዩዋት! መቀመጫዋ የእኔ፣ አሳሳቧም የእኔ። ማን አስተማራት?»

ማን እንዳስተማራት እኔ አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በአጥር ቀዳዳ ነው የተማረችው። ብዕሬ ቆመ።

ዳር ሲደርሱ የደኅንነት ኃላፊው መጀመሪያ ዘሎ ወረደ። ፎቶ አንሺው ተከተለ። ክቡር ኃላፊ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወረዱና ፈተናው በታላቅ ስኬት መጠናቀቁን፣ ሰዓቱም አሥራ አንድ ተኩል በመሆኑ ኩሬው መዘጋቱን አበሠሩ። ትንሹ ወርዶ ዛፍ ጀርባ ደርሶ ተመለሰ፣ ተመልሶም እናቱ አጠገብ ገባ። ልጄ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም።

«አባዬ፣ ግባ።»

ወደ ክቡር ኃላፊ አየሁ።

«ቃለ ጉባኤው አልተዘጋም» አሉ። «አንቀጽ ዘጠኝ!»

«ነገ አሥራ ሁለት ዓመት ይሞላኛል» አለች፤ ለእሳቸው አልነበረም፣ ለእኔ ነበር። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

መዝገቡን ደረቴ ላይ እንዳቀፍኩ አንድ እግሬን ወደ ጀልባዋ አነሣሁ።

«እሱን ተወው» አለች። «ትርፍ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት ከእጄ ያልወጣውን መዝገብ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከኋላዬ ክቡር ኃላፊ «በሕግ አምላክ!» ሲሉ ሰማሁ፤ ገባሁ። ልጄ ወደ ቀዛፊው ዞረች። «ጋሼ፣ ሁለት ቦታ አለ፤ ይግቡ።»

«የለም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «አራት ዓመት ባዶዋን ሳዞራት ኖርኩ። እስቲ ዛሬ በሰው ልያት።» ገፋ አደረጉን።

ውሃው ላይ ምን እንደተባባልን፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳለቀሰ ልነግራችሁ አልችልም። በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት የጉዳዩ አካል ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ክቡር ኃላፊ መዝገቡን ገልጠው ጠበቁኝ። «ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ገጽ ባዶ ነው። ምን ተፈጸመ?»

«አልተመዘገበም፣ ጌታዬ።»

ደንብ ደንብ ነውና ጉዳዩ በዚህ አልታለፈም። አዲሱ በራሪ ጽሑፍ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ ክቡር ኃላፊ መቅዘፊያ ጨብጠው ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ይታያሉ፤ ከሥሩ «ደስተኛ ቤተሰብ ከአባታቸው ጋር» ይላል። በዓመታዊው ሪፖርት «በኩሬው የተዝናና ቤተሰብ ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ተብሏል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ኩሬው ግን «ያልተመዘገበ ደስታ ተፈጽሞበታል» በሚል ለተጨማሪ ጥናት ታሽጓል። ጥናቱን የሚመራው ኮሚቴ እሑድ እሑድ ይሰበሰባል። ከተቋቋመ ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ አንድም ውሳኔ አላሳለፈም፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝለት ሰው አጣ። በደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና መልሻለሁ፦ እሑድ እሑድ ቤተሰብ አለብኝ።