ለራቁት ፎቶ ሄዶ ጋቢ ለብሶ መመለስ

ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡኝ… እኔም አንዱ ነኝ። የምንሄደው መልካችንን ለማሳየት ሳይሆን ለመደበቅ ነው። እስቲ የከተማችንን የመካነ ሰላምን የሠርግ ፎቶዎች ተመልከቱ፤ ግማሹ ሙሽራ ሙሄ ፎቶ ቤት በር ኋላ በተሰቀለው በዚያው በአንዱ ጥቁር ኮት የተዳረ ነው። እኔም በእሱ ነው የተዳርኩት፤ እጅጌው ጣቴን ውጦት ነበር።

ሙሄ ጓደኛዬ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችንን የፓስፖርት ፎቶ ሲያነሣ "ቀና በይ፣ አትሳቂ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ታዲያ ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ የፎቶ ኤግዚቢሽን እንዳለ ሰማና እንቅልፍ አጣ። ርእሱ "የሰው ገላ" ነው አሉ። ያለ ልብስ፣ ግን ደግሞ ያለ ነውር፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ። ፎቶው የሚላከው እስከ ነገ ማታ ነው ብሎ አንድ ቀን ሲቀረው ቤቴ ድረስ መጣ።

"አንድ ጊዜ እንኳ የጥበብ ሰው ተብዬ ልሙት!" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አንጀቴን በላው።

"ምን ላግዝህ ታዲያ?"

"ልብስህን አውልቅ።"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"አንተ ሰው፣ እኔ እኮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ! ተማሪ ቢያየኝስ?"

"ፊትህ አይታይም። የምፈልገው ጀርባህን ነው። ጀርባህ… ታሪክ አለው።"

እንግዲህ ፍረዱኝ! አርባ ስምንት ዓመት ስኖር ስለ ጀርባዬ በጎ ቃል የተናገረ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ውዳሴ ከንቱ ስንቱን አስወልቋል፤ እኔንም አስወለቀኝ።

በማግስቱ ጧት ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ወጣንና ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ቋጥኞች ደረስን። ሙሄ "ፎቶው ውስጥ እንዳይገባብኝ" ብሎ ልብሴን በሙሉ ሰብስቦ ወስዶ መንገዱ ዳር ባቆመው ሞተር ላይ ከመረው። እኔ ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ በሁለት ቋጥኝ መካከል ተቀመጥሁ። ከወገቤ በታች ድንጋዩ ጋርዶኛል፤ ከወገቤ በላይ ለጥበብና ለውርጭ ተሰጥቻለሁ።

"አትንቀጥቀጥ!" ይለኛል ሙሄ።

"እኔ ነኝ እንዴ? ብርዱ ነው!"

"ኧረ ጀርባህ ላባዋ የተነጨ ዶሮ መሰለ!"

ይኸኔ ነው ከበስተኋላችን "አሰላሙ አለይኩም!" የሚል ድምፅ የሰማነው። ዞር ብል አባባ ይመር ናቸው፤ በቅሏቸውን ገብስ ጭነው ወደ ገበያ ሲወርዱ። ልጃቸውን አስተምራለሁ፤ በደንብ ነው የምንተዋወቀው።

አሁን የእኔን ጭንቅ አስቡት። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሣል፤ ይኸ የማይታለፍ ነገር ነው። ብነሣ ነውር፣ ባልነሣ ነውር! ሁለቱን ነውር በልቤ መዘንኩና ትንሹን መርጬ እዚያው ተጎልቼ ቀረሁ።

"ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ… ይለፉ፣ ይለፉ!"

አባባ ግን አላለፉም።

"ቲቸር? አንተ እኮ ለሽማግሌ የማትነሣ ሰው አልነበርክም!"

ልብስ የለውም፤ አይነሣም። ሁለቱን ደመሩና ፊታቸው ልውጥ አለ።

"ያ አላህ! ወንበዴዎች ልብሱን ገፈው እግሩንም ሰብረውታል!"

ብለው ዱላቸውን በሙሄ ላይ አነሡ። "አንተስ? ሰው ወድቆ እያየህ ፎቶ? ለፌስቡክህ ነው አይደል!"

"ኧረ አባባ፣ ሙሄ ነኝ! ሙሄ ፎቶ ቤት!"

"ሙሄ ብትሆንስ!"

ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው ጋቢያቸውን አወለቁና ጠቀለሉኝ። "አባባ፣ ደህና ነኝ! በገዛ ፈቃዴ ነው ያወለቅሁት!" እላለሁ።

"አብሽር ልጄ፣ ድንጋጤው ነው የሚያስቀባጥርህ።"

ጥርሴ ሲንገጫገጭ አዩና ደግሞ ሸሚዛቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ብለምን፣ ብምል፣ ማን ሰምቶኝ! በዚያ ውርጭ ደረታቸውን ገልጠው፣ ሸሚዙን ዘርግተው "ጀባ!" አሉኝ። ስድሳ ክረምት ያረሰ ትከሻ፣ አንድ በአንድ የሚቆጠር የጎድን አጥንት፣ የጧት ፀሐይ በአንድ ጎን… ቀጭ! አለ የሙሄ ካሜራ።

ኋላ ቁጭ ብለን እውነቱን ነገርናቸው። አባባ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ታዲያ ገላ ካስፈለገህ" አሉት ሙሄን፣ "ይኸን ጮማ ምን አስመረጠህ?"

አልዋሻችሁም፣ ከፋኝ። ሙሄ ግን እኔን መች አየኝ! ካሜራውን አቅፎ አባባ ፊት ተንበርክኳል።

"አባባ፣ አሁን ያነሣሁዎትን ደሴ ላይ ሕዝብ ይየው? እምቢ ካሉኝ እዚሁ ፊትዎ አጠፋዋለሁ።"

አባባ ሸሚዛቸውን መልሰው ለብሰው ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፉ።

"ሱሪዬ ፎቶው ላይ አለ?"

"አለ፣ አባባ።"

"እንግዲያው ይታይ! የሰረቅሁት የለኝ። አንድ ነገር ግን አደራ።"

"ይዘዙኝ!"

አባባ እኔን ቃኝተው ወደ ሙሄ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቲቸርን ከፎቶው ቁረጠው። ልጄን የሚያስተምር ሰው ነው፤ ክብሩ ይጠበቅ።"

ቆረጠኝ! ፎቶው ዛሬ ደሴ ተሰቅሏል። ሙሄን "አርቲስቱ" ብለው ሲጠሩት በጆሮዬ ሰምቼ በደስታ አልቅሻለሁ። ሰው ፎቶው ፊት ቆሞ "ሽማግሌው እጃቸውን የዘረጉት ለማን ይሆን?" እያለ ይጠያየቃል። ክብሬ በሚገባ ስለ ተጠበቀ ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተ ግን አልደብቅም… ሄዳችሁ ካያችሁት፣ በግራ በኩል ጥጉ ላይ የጋቢ ጫፍ ብቅ ብሏል። እሱ እኔ ነኝ!