«ሁልጊዜ» የምትለው ሳጥንና የአባ አንድ ጣት ዘመቻ

አባ አንድ ጣት የመርፌ እመቤቲቱን ባገቡ በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት፥ አሮጌው ኮምፒውተር በልብስ ስፌቱ ክፍል ዙፋኑን በያዘ በዘጠነኛው፥ የወንበሩ አንድ ጎማ ወልቆ ከሶፋው ሥር በገባ በሁለተኛው፥ ዝናብ መጣሁ ቀረሁ እያለ የተሰጣ ልብስን ሁሉ በሚያስጨንቅበት ወራት፥ በዕለተ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፥ ከዚያ በፊት ያልታየ፥ ከዚያም በኋላ እንዳይታይ በአዋጅ የተከለከለ ታላቅ ነገር ተደረገ።

አባ አንድ ጣት ማን እንደ ሆኑ የማያውቅ ካለ ይወቅ። በሙያቸው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፥ በግርማቸው ውሻ የማይጮህባቸው፥ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ በላስቲክ ጠፍረው ዝም ያሰኙ፥ አልታዘዝ ያለውን ሪሞት በሁለት ጥፊ የመከሩ፥ የሚያንኮራፋውን ፍሪጅ በታጠፈ ካርቶን ያስተኙ ናቸው። በኮምፒውተር ሲጽፉም ዘጠኙን ጣቶች በደጀንነት አስቀምጠው በቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ብቻ ስለሚዋጉ ይህ ስም ወጣላቸው።

ኮምፒውተሩም ጎኑ የተከፈተ፥ ማራገቢያው ሲነሣ ወፍጮ ቤት የተተከለ የሚያስመስል፥ በልብስ መተኮሻው ጠረጴዛና ራስ በሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ ነበረ። በሆዱ ግን አንድ ሀብት ይዟል፤ ይኸውም እመቤቲቱ የሙሽራ ቀሚስ ንድፍ የሚያወጡበት፥ ቤቱም የሚተዳደርበት ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ ሲዲ በእርግቦች ጦርነት ዘመን በጌታችን በአባ አንድ ጣት ትእዛዝ በረንዳው ላይ በክር ተሰቅሎ፥ በፀሐይ እያብለጨለጨ እርግብ ሲያባርር ኖሮ፥ ፊቱ ተልጦ አልቋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንዴ ከጠፋ ዳግመኛ የሚጫንበት መንገድ አልነበረም።

ወበይእቲ ዕለት ጌታችን ቆጣሪ ሲያነቡ አርፍደው ገብተው፥ ምሳቸውን በልተው፥ ጫማቸውን አውልቀው፥ አንድ የድሮ ዘፈን አማራቸው። የዘፈኑን ምልክት ሁለት ጊዜ ቢጫኑት ማሽኑ እምቢ አለና፥ በምን ልክፈተው ብሎ በትሕትና ጠየቀ፤ ከጥያቄውም ሥር «ሁልጊዜ በዚህ ይከፈት» የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረች። ጌታችንም አንድ ነገር ሁለቴ መጠየቅ የማይወዱ ናቸውና፥ በሙዚቃ ማጫወቻው ይሁን፥ ሁልጊዜም ይሁን ብለው ሳጥኗ ላይ ራይት አኖሩባት። ያ ምልክት ግን ጥግ ላይ ጎባጣ ቀስት ያለበት፥ ወደ ዘፈኑ የሚመራ አቋራጭ ነበረ እንጂ ዘፈኑ ራሱ አልነበረም፤ በማሽኑም አገር አቋራጮች ሁሉ አንድ ዘር ናቸውና፥ ለአንዱ የታወጀው ለሁሉም ጸና።

ወዲያውኑ በስክሪኑ ላይና በማውጫው ውስጥ ያሉ አቋራጮች ሁሉ የገዛ ልብሳቸውን አውልቀው የዘፈን ኖታ ለበሱ። የንድፉ ፕሮግራም ሲጫን ሙዚቃ ማጫወቻው ይመጣል፤ ካልኩሌተሩ ሲጫን ሙዚቃ ማጫወቻው ይመጣል፤ መጥቶም ይህን ማጫወት አልችልም ብሎ ቆሞ ያያል። ይህን ሁሉ ያመጣው የመብራት መዋዠቅ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን።

ወእምዝ የመርፌ እመቤቲቱ ሜትራቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ገብተው፥ ሦስቴ ተጭነው፥ ሦስቴም ሙዚቃ ማጫወቻው መጥቶ ቢያፈጥባቸው፥ በሩ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «በዚህ ቤት የምትኖሩ ሁሉ፥ ኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ። የሙሽራዋ ንድፍ እዚህ ውስጥ ነው። የልጅቷ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ ጠዋት ነው ለክቼ ያስገባሁት። ጨርቁን እናቷ ስንት ቦታ ዞራ ነው ያገኘችው፥ ከሱቁም አልቋል። በግምት ቆርጬ ባበላሸው ሌላ የለም። ነገ በጠዋት መቁረጥ አለብኝ። እስከ ማታ ካልተከፈተ ወንድሜን እጠራለሁ። የነካካው ሰው ራሱን ያውቃል፤ ስም አልጠራም።»

ጌታችንም ከወንበራቸው ሳይነሡ መለሱ፤ «ማንም እንዳይደነግጥ። ይሄ ቫይረስ ነው። እኔ አለሁ።»

የእመቤቲቱም እናት፥ የሶፋው ባለርስት፥ ኪሮሻቸውን ሳያቆሙ፤ «እኔ አለሁ ካለማ አለቀልን» ብለው አወጁ።

የእመቤቲቱ ታናሽ ወንድም፥ ስልክ የሚጠግነው፥ ወሬው በስልክ ቢደርሰው፤ «ጋሼ፥ እሱ ማሽን በቃው። ሲዲ ይዤ ማታ መጣሁ፤ ፎርማት አድርገነው እንገላገል» ሲል ላከ። ፎርማት ማለትም ትኋን ገባ ብሎ ቤቱን ከነዕቃው ማቃጠል ነው፤ የንድፉ ፕሮግራምም ከተቃጠለ፥ የእርሱ ሲዲ እርግብ ጠባቂ ሆኗልና፥ የሚመልሰው አልነበረም። ጌታችን ይህን በሰሙ ጊዜ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነው። በቀኝ ክንፍ አማቲቱ ከነኪሮሻቸው፤ በግራ ክንፍ ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሹፌር፥ አንዱም የማይሆን አምስት መፍቻ ይዘው፤ በማሽኑ ራስ ላይ፥ ለሙቀቱ ብላ፥ ድመቷ፤ በደጀንም ራስ የሌላት አሻንጉሊት፥ ምንም ምክር ባለመስጠቷ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመች።

በመጀመሪያው ውጊያ ሹፌሩ፤ «ጎበዝ፥ ሞተር እንዲህ ሲል ባትሪውን ነቅሎ መመለስ ነው» ብለው አወጁና ማሽኑ ተነቅሎ ተመለሰ፤ አቋራጮቹም ከነኖታቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ውጊያ አቧራው በአፍ ተነፋ፤ ጠላት ምንም አልሆነም፥ ከወገን ግን ሁሉም አስነጠሱ። በሦስተኛው ጌታችን ማውሱን ከዚህ በፊት ሰው ተጭኖት በማያውቀው ኃይል ቢጫኑት፥ ጎማ የሌለው የወንበሩ እግር ከዳቸውና ወደ ጎን ወደቁ፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ወገባችን፥ ወገባቸው ማለታችን ነው፥ ቅዝቃዜ አይወድም።

ነገር ግን ሲወድቁ ማውሱን አልለቀቁም ነበርና፥ ያቺ ጣት እግረ መንገዷን የኮምፒውተሩን የራሱን ምልክት ተጭና ኖሮ፥ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እርሱ አቋራጭ ስላይደለ አዋጁ አልነካውም። ጌታችንም ይህን ስልት ከጥንት አስበውበት እንደ ነበረ ሁሉ ተነሥተው ተቀመጡ፤ ከፎልደር ወደ ፎልደር እየገቡ፥ ፕሮግራሞች ሁሉ ወደሚኖሩበት ሰፈር ደረሱ። እነሆም የንድፉ ፕሮግራም በገዛ ቤቱ በሰላም ተቀምጧል፤ መንገድ መሪዎቹ አበዱ እንጂ ባለቤቱ ምንም አልሆነም። በሩን ቢያንኳኩ ተከፈተ፤ የሙሽራዋም ንድፍ ከነዝቅተኛ ግራ ትከሻዋ ብቅ አለ።

እመቤቲቱ አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ «ተመስገን። አሁን አትሙት እንዳልል ማተሚያው ወረቀት የለውም። ወረቀት ገዝቼ እስክመጣ ማንም ምንም እንዳይነካ» ብለው አውጀው ወጡ።

ማንም ሲባል ግን ጌታችን በማንም ውስጥ አይቆጠሩም። ግማሽ ድል ይዞ መቀመጥም ለእርሳቸው ነውር ነው። ማሽኑን ወደ ቀደመ ቀኑ የሚመልስ አንድ መሣሪያ እንዳለ ሰምተው ነበር፤ በማውጫው ቢፈልጉት እርሱም ኖታ ለብሶ ቆሟል፥ መድኃኒቱ ራሱ ታሟል። ስለዚህ በተማሩት የጓሮ መንገድ ሄደው እቤቱ አገኙት። ወደ የትኛው ቀን ልመለስ ብሎ ቢጠይቃቸው፥ ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ነውና፥ ረቡዕ ብለው ጣታቸውን አሳረፉ። ስክሪኑም ጨለመ።

ያን ጊዜ አማቲቱ ኪሮሻቸውን አቁመው፤ «ረቡዕ እኮ ልጅቷ ገና አልተለካችም» ብለው አወጁ።

ጡረተኛው ሹፌር እቤታቸው የተጣደ ነገር እንዳለ በዚያች ደቂቃ ትዝ አላቸው፤ ድመቷም ተከተለቻቸው። ጌታችን ግን ቆመው ቀሩ። ከፊታቸው በጠረጴዛው ላይ ጨርቁ በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ፥ የሙሽራዋ እናት ባሰረችው ቋጠሮ እንደ ታሰረ ተቀምጧል። ያን አይተው፥ በዚህ ዜና ውስጥ ለአንዲት ጊዜ ብቻ፥ ያቺን ጣት ወደ ኪሳቸው ከተቱ። በግንባራቸው የወረደው የፍርሃት ላብ አልነበረም፤ ክፍሉ ሞቃት ነበረ። አሻንጉሊቷን በሌላት ፊቷ አዩአት፤ እርሷም ምን አውቅልሃለሁ በሚል ሁኔታ ቆማለች።

ከብዙ መንገታገት በኋላ ወፍጮው ተነሣ፥ ስክሪኑም በራ። አቋራጮቹ እያንዳንዳቸው የገዛ ልብሳቸውን ለብሰው፥ ጎባጣ ቀስታቸውን ይዘው፥ በየቦታቸው ተሰልፈዋል። ጌታችን ያቺን ጣት ከኪሳቸው አውጥተው ንድፉን ቢጫኑት ሙዚቃ ማጫወቻው እቤቱ ቀረ፤ ፕሮግራሙም ተከፈተ፤ የሙሽራዋም ትከሻ፥ ግራው ከቀኙ ዝቅ እንዳለ፥ የሐሙስ ልኩን እንደ ያዘ፥ በዚያው አለ። መሣሪያው የሚመልሰው የማሽኑን ሥርዓት እንጂ የሰውን ሥራ አልነበረምና። ጌታችን ይህን አስቀድመው ያውቁ እንደ ነበረ እኛ እንመሰክራለን፤ አማቲቱ ሌላ ይመሰክራሉ። ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ።

እመቤቲቱ ወረቀት ይዘው ገቡ፤ ንድፉ ታተመ፥ ተጣበቀ፥ ጨርቁ ላይ ተዘረጋ፤ ነገም አልጠበቁም፥ መቀሱ ያን የሚያምር ድምፁን ጀመረ። ወንድምየው የፎርማቱን ሲዲ በኪሱ ይዞ ቢደርስ፤ «ጋሼ፥ እንዴት አድርገህ ነው» ብሎ አወጀ፤ ጌታችንም፤ «ሰፊ ነው፥ አይገባህም» ብለው አወጁለትና ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ድል ያደረገ ሰው ዘፈን ያምረዋል። ጌታችንም ወደ ማሽኑ ተመልሰው ያንኑ የድሮ ዘፈን ሁለት ጊዜ ተጫኑት። ማሽኑም ረቡዕ ላይ ነውና ሐሙስ የጠየቀውን እንደ አዲስ ጠየቀ፤ በምን ልክፈተው አለ፤ ትንሿም ሳጥን ከሥሩ ብቅ አለች። ጌታችን ራይቷን ሊያኖሩ ጣታቸውን ሲያነሡ፥ ከኋላቸው የመቀሱ ድምፅ ቆመ።

እመቤቲቱም እንዲህ ሲሉ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፤ «አሃ። ስም አልጠራም ብዬ ነበር፥ አሁን እጠራለሁ። አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ያቺ ጣትህ እዚህ ማሽን ጋ እንዳትደርስ። ዘፈን ካማረህ ዝፈን።»

በዚህም አዋጅ ጌታችን ከኮምፒውተር ጦርነት በሙሉ ክብር ጡረታ ወጡ፤ የበረንዳው ግዛትና የእርግቦቹ ጉዳይ ተሰጣቸው፥ ዘፈናቸውንም በዚያ ይዘፍናሉ።

የሠርጉም ቀን ሙሽራዋ በእንግዶች መካከል ባለፈች ጊዜ ሁለቱ ትከሻዎቿ እኩል ሆነው ታዩ፤ እናቷም አለቀሰች፥ እንግዶችም የባለ መርፌዋን እጅ አመሰገኑ። ስለ አቋራጮቹ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህ ዜና የተጻፈውም ስለዚህ ነው። እመቤቲቱ ግን በሕዝቡ መካከል፥ ማንም ሳያይ፥ ያቺን አንዷን ጣት ይዘው ትንሽ ጨመቅ አደረጓት።

እነሆ አባ አንድ ጣት፥ የጓሮ መንገድ መሪ፥ ኖታ የለበሱትን የገዛ ልብሳቸውን ያለበሱ፥ ጊዜን ከሐሙስ ወደ ረቡዕ የመለሱ፥ ፎርማትን ሻይ አጠጥተው የሸኙ፤ በዚያው ሠርግ ላይ የሙሽራዋን ፎቶ ሊያዩ ስልካቸውን ቢነኩ፥ ስልኳ በምን ልክፈተው፥ ሁልጊዜ ነው ወይስ ለአሁኑ ብላ በጠየቀቻቸው ጊዜ፥ ከብልሆች ሁሉ በላይ ብልህ መሆናቸው ታየ፤ ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው አይተው፥ «ለአሁኑ» የምትለውን ነኩ።