ሰላም የዘጋው የውሻ መሮጫ

የኛን አገር ሰው ፊት ለፊት ተናገር ብትሉት ያመዋል። ደብረ ታቦር ላይ ጎረቤቱን «ድንበሬን ገፍተሃል» ሊል የፈለገ ሰው ጎረቤቱ ዘንድ አይሄድም፤ ቡችላ ያሳድጋል። ቡችላውን «አይተናል» ብሎ ይሰይምና ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ «አይተናል! ና! አይተናል!» እያለ ይጣራል። ጎረቤትየውም የዋዛ አይደለም፤ በሳምንቱ የራሱን ቡችላ «ምን ታመጣለህ» ብሎ መጥራት ይጀምራል። ልብ በሉ፣ ማንም ማንንም አልሰደበም። የተጠራው ውሻ ነው። ዳኛ ፊት ቢቆሙ እንኳ ዋናው ምስክር ውሻው ነው፤ እሱ ደግሞ ቃሉን አይሰጥም።

እኔ ሞንታርቦ አከራይ ነኝ። ሰርግ በሉት ስብሰባ፣ የከተማው ጩኸት ሁሉ በኔ ዕቃ ያልፋል። ለራሴ ጉዳይ ሲሆን ግን ድምፄ ይዘጋል። የአጥር ጎረቤቴ ትርንጎ ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ተመለሰች፤ በተመለሰች በወሩ እንደምወዳት አወቅሁ፤ ከ«እንዴት አደርሽ» በላይ የሚሆን ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለ። እሷ ደግሞ ሐሳቧ ሁሉ ውሻ ላይ ነበር።

እዚያ እያለች ወገባቸው እንደ ክር የቀጠነ ውሾች ሲሽቀዳደሙ አይታ ኖሯል። «የኛዎቹ ምን ያንሳቸዋል?» ብላ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የአባቷን ግጦሽ ግራና ቀኝ በባሕር ዛፍ አጣና አሳጥራ የውሻ መሮጫ አደረገችው። አጣናውን ስናቆም «ይህ ካልሆነልኝ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለችኝ። መዶሻው ጣቴ ላይ አረፈ። እንግዲህ እወቁልኝ፤ ያ ሜዳ ለከተማው ጨዋታ ይሁን እንጂ ለኔ የትርንጎ መቅረትና መሄድ ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጣ። ውሾቹ ተሰለፉ። ትርንጎ ፊሽካ ነፋች። ውሾቹ ዞረው አዩአት። ደግማ ነፋች። አንደኛው ጋደም አለ። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር እኔ በሐፍረት የምይዘውን የምጨብጠውን አጥቼ፣ የጫማዬን ክር ላስር ከኋላቸው ጎንበስ አልኩ። ምን ልበላችሁ! የሐበሻ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ እንጂ ሌላ ነገር ያነሳል ብሎ አያምንም። ሁሉም እግሬ አውጪኝ ብለው ተፈተለኩ! ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ወዲያ ፊሽካው ቀረና ትርንጎ ከኋላ ጎንበስ ትላለች፣ እሽቅድምድሙ ይጀመራል፤ እኔ ደግሞ በሞንታርቦ እተርካለሁ።

መተረክ ማለት ስም መጥራት አይደል? እስከዚያ ባንድ አጥር ብቻ ይሰማ የነበረው ነገር ሁሉ እስከ ገበያው ይሰማ ጀመር። «ምን አገባህ መራ! ያየ ያውቃል ደረሰበት! ተወኝ ብያለሁ በጎን መጣ!» ሕዝቡ ውሻ ሊያይ ይመጣል ብላችሁ እንዳትሞኙ። ማን ከማን እንደተኳረፈ ሊሰማ ነው የሚመጣው። ከይፋግ ድረስ ተሳፍረው የሚመጡም ነበሩ፤ የሰው ጠብ የማይወድ ማን አለ?

ከሁሉ የሚናፈቁት የአያ ሙጬና የአያ ደረሰ ውሾች ነበሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ በማትሞላ የጓሮ ድንበር ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል። አያ ሙጬ ውሻቸውን «ደባ ራሱን» ቢሉት አያ ደረሰ የራሳቸውን «ማን ጀመረው» አሉት። አንድ እሑድ ሁለቱ ውሾች አንገት ለአንገት ተያያዙ። እኔም ሞቅ ብሎኝ «ማን ጀመረው! ማን ጀመረው! ኧረ ማን ጀመረው!» እያልኩ ጮህኩ።

«አያ ሙጬ ናቸዋ!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

አያ ሙጬ ዱላቸውን ጨብጠው ወደኔ መጡ። «አንተ! በመሣሪያ ታሰድበኛለህ?»

«ኧረ ውሻውን ነው አያ፣ እርስዎን ይንሣኝ!»

ዱላውን ሲያነሡ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ። ጋቢውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ምላሱን አንጠልጥሎ ያለከልክ የነበረው ውሻ ሁሉ እንደገና ተፈተለከ፤ አሁን ግን በሕዝቡ መሃል! አንደኛው በአያ ደረሰ እግሮች መካከል ሾልኮ በቂጣቸው አስቀመጣቸው። አያ ሙጬ ሳቅ ገነፈለባቸው። አያ ደረሰም መሬት ላይ እንደተቀመጡ ይስቁ ጀመር። አያ ሙጬ ሊያነሡአቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ተቃቀፉ፤ ሁላችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

እዚያው የነበሩት የነፍስ አባታቸው አጋጣሚውን አላሳለፉም፤ እዚያው አስታርቀው የውሾቹ ስም እንዲለወጥ አዘዙ። አያ ሙጬ «ሰላም» አሉት። አያ ደረሰም ላለመበለጥ «ሰላም» አሉት። ወሬው ሲዛመት የተኳረፈ ሁሉ እየታረቀ ውሻውን ሰላም ይል ጀመር። ደስ አይልም? ይላል እንጂ! ግን እስቲ እናንተ ማይኩን ያዙና ተርኩት፤ «ሰላም መራ! ሰላም ተከተለ! ሰላም ሰላምን ቀደመው!» ሕዝቡ አዛጋ። ወር ሳይሞላ ሜዳው ላይ ትርንጎና እኔ ብቻ ቀረን። ዛሬ ድንች ተተክሎበታል።

ትርንጎ ፓስፖርቷን ልታሳድስ ነው አሉኝ። ሦስት ቀን አጥሩ ድረስ ሄጄ «እንዴት አደርሽ» ብዬ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ቡችላ ለምኜ አመጣሁና «አትሂጂ» አልኩት። ጠዋት ማታ «አትሂጂ! ና! አትሂጂ!» እያልኩ ስጣራ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። አያ ሙጬ እንኳ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው «ውሻው ወንድ አይደለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«ነው፣ አያ።»

«እግዜር ያቅናልህ» ብለው አለፉ።

ከትርንጎ ቤት ግን ድምፅ ጠፋ። ሳምንት ሙሉ ውሻ ስጠራ ከርሜ ጉሮሮዬ ሲዘጋ፣ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ቡችላ ሲያላዝን ሰማሁ። ቀጥሎ የትርንጎ ድምፅ መጣ፤ ያለ ሞንታርቦ፣ ግን ጥርት ብሎ።

«ሽማግሌ ላክ! ና ወዲህ፣ ሽማግሌ ላክ!»

ቡችላው ይምጣ አይምጣ አላየሁም። እኔ ግን ባዶ እግሬን አያ ሙጬ በር ላይ ነበርኩ።