በአሮጌው የሱፍ ጫማ ውስጥ ማን አለ

[ፔተርስበርግ፤ የክረምት ረፋድ። ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት አሮጌ ቤት። ዕቃው ሁሉ በመኪና ሄዷል፤ የቀሩት ምድጃው፣ አንድ ሣጥንና አንድ እግር የሱፍ ጫማ ናቸው። ደራሲው ኢኖኬንቲ ሉኪች ጫማውን ሊጥለው አንሥቷል። የሚስቱ ወንድም ፕሮሆር ግራ እግሩን በካፖርቱ ሸፍኖ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።]

ፕሮሆር፦ ጫማውን አስቀምጥ አልኩህ፣ ሉኪች።

ኢኖኬንቲ፦ ብል የበላውን ጫማ ምን ልታደርገው?

ፕሮሆር፦ ያለ እሱ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። ውጭው እኮ...

ኢኖኬንቲ፦ ገባኝ፣ ገባኝ። የቤቱ መንፈስ፣ ያ ጢማም ሽማግሌ፣ በአሮጌ ጫማ ተጋብዞ ካልሄደ አዲሱ ቤት አይቀናም። ይኸው አይደል?

ፕሮሆር፦ እኔ ምን አልኩ?

ኢኖኬንቲ፦ ባትልም ፊትህ ላይ ተጽፏል። አያትህ ናት ያስተማረችህ።

ፕሮሆር፦ አያቴማ በክረምት ያለ እሱ ከደጅ የወጣ ልጅ ዕድሜው አጭር ነው ትል ነበር።

ኢኖኬንቲ፦ አላልኩህም? አጉል እምነት። ከዚህ ዓለም ባሻገር ሌላ ዓለም መኖሩን እኔም አልክድም፤ ስድስት ልብወለድ የጻፍኩት ስለ እሱ ነው። ግን ጫማ ውስጥ አይገባም። ይህ ዓለም የተጻፈ ገጽ ነው፤ ሙታን ኅዳጉ ላይ ተቀምጠው ያነቡናል። አልፎ አልፎም ምልክት ይሰጡናል።

ፕሮሆር፦ አንብቤዋለሁ። የሞተው አጎት አንዲት የሻይ ማንኪያ ለማንቀሳቀስ ሁለት መቶ ገጽ ፈጀበት። ትናንት ቁም ሣጥኑን ስንሸከም የት ነበር?

ኢኖኬንቲ፦ ረቂቅ ነገር ነው፤ አንተ አይገባህም።

ፕሮሆር፦ ይሁን። ሰባተኛው መጽሐፍስ አለቀ?

[ኢኖኬንቲ ወደ ምድጃው ዞር ይላል።]

ኢኖኬንቲ፦ የመጨረሻው ምዕራፍ ቀርቷል። ዓመት ሞላው፤ አንዲት መስመር አልመጣ አለችኝ።

ፕሮሆር፦ በአዲሱ ቤት ትመጣለቻ።

ኢኖኬንቲ፦ ስድስቱንም የጻፍኳቸው እዚህ ምድጃ ሥር ነው። እዚያ ያለው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። ቃል የሚያቀብለኝ እዚህ ቢቀርስ?

ፕሮሆር፦ ማን?

ኢኖኬንቲ፦ በሩን ዝጋው።

ፕሮሆር፦ አንተው ዝጋ፤ እኔ አልነሣም።

[ኢኖኬንቲ በሩን ይዘጋል፤ ጫማውን ከምድጃው አፍ አኑሮ ይንበረከካል።]

ኢኖኬንቲ፦ የተከበሩ የቤቱ መንፈስ፣ አያቴ፣ ጫማው ብል የበላው ቢሆንም ይግቡልኝ። አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር አለው። ያለ እርስዎ መጻፍ አልችልም።

ፕሮሆር፦ ሉኪች...

ኢኖኬንቲ፦ እሽሽ። [ጫማውን በሁለት እጁ ያነሣል።] ገብተዋል። ከበድ ብሏል።

ፕሮሆር፦ ጨረስክ? በል አምጣው።

[ተቀብሎ ዘቅዝቆ ያራግፈዋል። ቁራጭ ከሰል ይወድቃል። ካፖርቱን ገልጦ፣ በካልሲ ብቻ የነበረውን ግራ እግሩን ያስገባበታል።]

ኢኖኬንቲ፦ ምን እያደረግህ ነው?

ፕሮሆር፦ ግራ ቡቴን ከመጻሕፍትህ ጋር አሽገህ በመኪና ሰደድከው። ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ታስዘጋኛለህ። የሙታን ሹክሹክታ ይሰማሃል፤ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ግን አይሰማህም።

ኢኖኬንቲ፦ አያታችንስ? ውስጥ ናቸው እኮ።

ፕሮሆር፦ ጠጋ ይበሉ። ከጠበባቸው ኅዳጉ ላይ ይቀመጡ።

[እያነከሰ ወደ በሩ ያመራል። ኢኖኬንቲ ከሰሉን አንሥቶ በመሐረቡ ይጠቀልልና ይከተለዋል።]

ኢኖኬንቲ፦ ፕሮሆርዬ፣ ተረከዙን ቀስ አድርገህ ርገጥ።