ሁለት ቤት በአንድ ማብሪያ

በሥራዬ ከሁሉ አብልጬ የምፈራት ቃል «ለጊዜው» ናት። ቆጣሪ ከመግባቱ በፊት የቤት ውስጥ የመብራት መስመር የምፈትሽ ሰው ነኝ፤ ሶዶ ውስጥ ያልረገጥኩት ጓሮ ቢኖር ጥቂት ነው። በፌስታል የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ አይቼ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ስል «ለጊዜው ነው» ይሉኛል። ፌስታሉ በፀሐይ ነጥቶ፣ ሸረሪት ድሩን አድርቶበታል። አልጋ ራስጌ ተንጠልጥሎ የቀረው ሶኬትም ለጊዜው ነው። በሰው መሳቄ አይደለም። የእኔው ሳሎን ሶኬት ከተንጠለጠለ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ትጋርድበታለች።

ሽቦ ተከትሎ የሄደ ሰው የቤተሰብ ታሪክ ያነባል። ልጅ ሲያገባ ወደ ጓሮው ክፍል አንድ መስመር ይቀጠላል፤ ላም ስትወልድ ወደ በረቱ አንድ ይጨመራል። እኛ ተቆጥተን «ማነው ይሄን የሠራው?» እንላለን እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ ሽቦውን የሳበው ፍቅር ነው። ፍቅር ደግሞ የሽቦ መጋጠሚያ በናስትሮ መጠቅለል አይችልበትም።

እማማ ሐና ቤት የሄድኩት ባለፈው ክረምት ነው። ቤታቸው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ባጃጆች ጭቃውን ፈርተው ከሚመለሱበት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ቆጣሪ እንዲገባላቸው ያመለከተችው ሐዋሳ የምትኖረው ልጃቸው ናት። ልትጠይቃቸው መጥታ የቆርቆሮውን በር ስትነካ ነዘራት። እናትየው ግን አልደነገጡም። «እሱ ሲዘንብ ብቻ ነው የሚቆነጥጠው» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቅልለው ከፈቱላት። ልጅቱ በማግስቱ ማመልከቻ ይዛ ቢሮ ተገኘች።

ቴስተሬን በሩ ላይ ባሳርፈው ቦግ አለ። ሽቦውን ተከተልኩት። ከጣሪያው ሥር ወጥቶ፣ በሩን የሚነካው የቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ ልጦት፣ አጥር ጥግ ወዳለ ኮርች ዛፍ ይሄዳል። ይህ ኮርች መጀመሪያ ምሰሶ ነበር። ሽቦ እንዲሸከም እርጥቡን ቆርጠው ቢተክሉት ሥር ሰደደ፣ ቅጠል አወጣ፣ የሽቦውንም የተወሰነ ክፍል በልጣጩ ዋጠው። ከዛፉ አልፎ መስመሩ የጎረቤታቸው የጋሽ ዳና በረንዳ ላይ ያርፋል።

ጋሽ ዳና ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሽቦውን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የእማማ ሐና ባል ሲያርፉ ለልቅሶው ድንኳን መብራት አስፈለገ። ባልየው «ነገ አመለክታለሁ» እያሉ ቆጣሪ ሳያስገቡ ነው የሞቱት። ጋሽ ዳና ከበረንዳቸው አምፖል ላይ ቀጥለው አንድ መስመር ሳቡላቸው። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ለጊዜው ነው። ድንኳኑ ሲነሳ አምፖሉ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ይንቀለው? ጋሽ ዳና ቢነቅሉት «ሐዘንሽ ይብቃሽ» ያሉ ይመስላል፤ እማማ ሐና ቢመልሱት «ከእንግዲህ አታስፈልገኝም» ያሉ ይመስላል። ሽቦው እንደተሳበ ቀረ።

መዘዙ ግን ሌላም ነበር። ከበረንዳ አምፖል የተቀጠለ መስመር የሚታዘዘው ለበረንዳው ማብሪያ ነው። ጋሽ ዳና ሲያበሩ እማማ ሐና ቤት ይበራል፤ እሳቸው ካላጠፉ አይጠፋም። እማማ ቤት ማብሪያ የሚባል ነገር የለም።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚተኙት?» አልኳቸው እማማን።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጋሽ ዳና እንቅልፍ ካጡ ስድስት ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ። መብራታቸው ሲበራ ያድራል፤ የሚስታቸው ሐዘን አልወጣላቸው ይሆናል። ስለዚህ እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ይጸልዩላቸዋል።

አጥሩን ዞሬ መብራቱን ለምን እንደማያጠፉት ጋሽ ዳናን ጠየቅኳቸው።

«እሷ እኮ ሌሊቱን መጽሐፍ ቅዱስ ስታነብ ነው የምታድረው» አሉኝ። «የበረንዳው መብራት በመስኮት እየገባ እኔንም አያስተኛኝም፤ ግን በምን አንጀቴ ላጥፋባት?»

ልስቅ አፌን ስከፍት እንባዬ መጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት አዛውንቶች አንዱ ለአንዱ ሲሉ እንቅልፍ አጥተዋል።

ጋሽ ዳና ሽቦውን እንዳልቆርጠው ለመኑኝ። መጋጠሚያውን ደህና አድርጌ ብጠቀልለው አይበቃም ወይ? ሲያጫውቱኝ ያነሷትን፣ ከሳምንት በፊት አጥሩ ሥር ደርቃ የተገኘችውን ዶሯቸውን አስታወስኳቸው፤ በሽታ ነው ብለው ነበር። «እርጥብ ነጠላ ምንም አያድንም ጋሼ። አንድ ቀን እማማ በዝናብ ያንን በር ሲይዙ…» ብዬ ሳልጨርስ ተነሡ። ሄደው ዋናውን ማጥፊያ በገዛ እጃቸው አወረዱት። እኔም ቆረጥኩ።

ለእማማ አዲስ መስመር በቱቦ ውስጥ ተዘረጋ፣ ራስጌያቸው ማብሪያ ገባ፣ ቆጣሪውም ተተከለ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። የሆነውን እየሳቁ አጫወቱኝ። ገና በጊዜ መብራታቸውን በገዛ ጣታቸው አጥፍተው እንደ ሕፃን ተኙ። ጋሽ ዳና ግን የእማማን መስኮት ጨለማ ሲያዩ ዓይናቸው አልተከደነም። ጎህ እንደቀደደ መጥተው ያንን የቆርቆሮ በር በባዶ መዳፋቸው ይደበድቡ ጀመር።

«ሐና! አለሽ?»

«አለሁ። ተኝቼ ነው።»

እማማ የደወሉልኝ ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። ደጃፋቸው ላይ፣ ፊቱን ወደ ጋሽ ዳና ያዞረ አንድ አምፖል ፈለጉ። ቅዳሜ ፒንሳዬን ይዤ ሄድኩና ሠራሁላቸው። አሁን ማታ ማታ ሊተኙ ሲሉ አንዴ ብልጭ ያደርጉታል፤ ጋሽ ዳናም ከበረንዳቸው ብልጭ አድርገው ይመልሳሉ። ከዚያ ሁለቱም ያጠፋሉ።

የዚያን ቀን ከመሄዴ በፊት ኮርቹ የዋጠውን ቁራጭ ሽቦ ላወጣ ብዙ ታገልኩ። ዛፉ አልለቅም አለ። ኃይል የለበትም፣ ማንንም አይነዝርም። ተውኩለት።