ሾፌሩ ጥርሱን ሊያስነጣ ሄደ

[ትንሽ ፀጉር ቤት። የአውቶቡስ ሾፌሩ ፎጣ በአንገቱ ታስሮለት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል። ፀጉር ሠሪዋ ብሩሽና ጠርሙስ ይዛ አፍጥጣበታለች።]

ፀጉር ሠሪዋ፦ አፍዎን ይክፈቱ እንጂ ጋሼ! ሩብ ሰዓት ሙሉ «ይክፈቱ፣ አልከፍትም» ላይ ነን እኮ!

ሾፌሩ፦ [በከንፈሩ ጠርዝ] መጀመሪያ ፈቃድ አለ ወይ?

ፀጉር ሠሪዋ፦ የእርስዎ ፈቃድ ካለ ይበቃኛል።

ሾፌሩ፦ የእኔማ አለ፤ በየጊዜው አሳድሰዋለሁ። ግን እሱ ለአውቶቡስ ነው። ለጥርስም ይሠራል?

ፀጉር ሠሪዋ፦ መንጃ ፈቃድ ማን ጠየቀዎት! እሺ ብለው ከተቀመጡ አበቃ ማለቴ ነው። ደግሞ እኔ በዚህ ሥራ ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ!

ሾፌሩ፦ [ብድግ ብሎ] እንዴ! የራስሽን ነቅለሽ ጨርሰሽ ነው ወደ እኔ የመጣሽው?

ፀጉር ሠሪዋ፦ ልምድ አለኝ ማለቴ ነው! ይቀመጡ። የልጅዎ ሠርግ ቅዳሜ አይደል?

ሾፌሩ፦ [እየተቀመጠ] ቅዳሜ ነው። «አባዬ፣ አንድ ፎቶ ላይ እንኳ ጥርስህ እየታየ ሳቅልኝ» ብላ ለመነችኝ። ዓመት ሙሉ ስስቅ አላየችኝም። ግን ይሄን ጥርስ ይዤ እንዴት ልሳቅ? ያሳቅቀኛል።

ፀጉር ሠሪዋ፦ እኔ እያለሁ? ወተት ነው የማስመስልልዎት!

ሾፌሩ፦ ያቺ ማበጠሪያው ሥር ያለችው ወረቀት ምን ትላለች?

ፀጉር ሠሪዋ፦ [ቶሎ በእጇ ሸፍና] እሷ? ከጤና ቢሮ የመጣች ሰላምታ ናት።

ሾፌሩ፦ [አንገቱን አስግጎ እያነበበ] «ከጥርስ ሐኪም በቀር ማንም ሰው ይህን ማንጫ በሰው አፍ ውስጥ እንዳይቀባ። ተላልፎ የተገኘ በሕግ...» ሰላምታዋስ ከበድ ትላለች።

ፀጉር ሠሪዋ፦ ሐኪሞቹ ጥርስ ነክሰውብን ነው እንጂ! እርስዎም ታሪኩን ቢያውቁት እንዲህ ባልፈሩ። በድሮ ዘመን ጥርስ የሚነቅለውም የሚያነጣውም ፀጉር ቆራጭ ነበር። በሞረድ ፋቅ ፋቅ ያደርግና አሲድ ይቀባል፤ ጥርሱ ቦግ ይላል!

ሾፌሩ፦ ከዚያስ?

ፀጉር ሠሪዋ፦ ከዚያማ... ተበልቶ ያልቃል። ግን እስኪያልቅ ድረስ ያበራል! ከእነሱ በፊት ደግሞ ጥንታውያን ሮማውያን በሽንት ነበር የሚያነጡት።

ሾፌሩ፦ [ጠርሙሱን ትክ ብሎ እያየ] ይሄስ የማን ነው?

ፀጉር ሠሪዋ፦ ጋሼ! ይሄ የፋብሪካ ነው!

ሾፌሩ፦ ሠራተኞቹ በሙሉ ተሰልፈው?

ፀጉር ሠሪዋ፦ ኧረ በፈጠረዎት! ፀጉር የምናነጣበት ዓይነት መድኃኒት ነው፣ ትንሽ ጠንከር ያለ። በሉ አሁን «ኣኣ» ይበሉ!

[ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ይከፍታል። እሷ አፍንጫዋ ጥርሱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ትመረምራለች።]

ፀጉር ሠሪዋ፦ አይ ጥርስ! ሥሩ የግንብ መሠረት ነው። ሐኪም በራጅ የሚያየውን እኔ በባዶ ዓይኔ አየዋለሁ። ይህቺ የፊቷ በልጅነትዎ ታማ ነበር፣ አይደል?

ሾፌሩ፦ በልጅነቴ?

ፀጉር ሠሪዋ፦ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆንዎት። እኔን ጥርስ አይዋሸኝም።

ሾፌሩ፦ እህቴ፣ እኔና እሷ የተዋወቅነው እኮ አምና ነው።

[ጣቱን ከትቶ ጠቅ ሲያደርገው የላይኛው ረድፍ እንዳለ መዳፉ ላይ ቁጭ ይላል። ብሩሹ ከእጇ ይወድቃል።]

ፀጉር ሠሪዋ፦ ው... ውልቅ ይላል እንዴ!

ሾፌሩ፦ [መልሶ እየገጠመ] አምና ድንገት ፍሬን ስይዝ መሪው ላይ ተደፋሁ፤ የእኔዎቹ እዚያው ቀሩ። ሐኪሙ ነጩን ልሥራልህ ሲለኝ፣ ሰው እንዳይነቃብኝ ብዬ ወየብ ያለውን መረጥኩ። ያም ሆኖ ሁሉም ሰው አፌን የሚያይ እየመሰለኝ ሳቅ አቆምኩ። ለሠርጉ ቢነጣ ሰው ንጣቱን እያየ ሌላውን ይረሳው ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት።

ፀጉር ሠሪዋ፦ ታዲያ ሰው ሠራሽ ነው አይሉኝም!

ሾፌሩ፦ በባዶ ዓይኔ አየዋለሁ አላልሽም? እኔማ አይተሽው ዝም ያልሽ መስሎኝ። [መስታወቱ ውስጥ ራሱን ያያል። ፈገግ ይላል። ከዚያ ጮክ ብሎ ይስቃል።] ግን እግዜር ይስጥሽ! አንቺ አፍንጫሽን ከተሽ ያልነቃሽበትን፣ ፎቶ አንሺው ማዶ ቆሞ ሊነቃበት? ቅዳሜ እስከ ድዴ ነው የምስቀው!

[ፎጣውን ፈትቶ እየተንከተከተ ወደ በሩ ይሄዳል።]

ፀጉር ሠሪዋ፦ ጋሼ! አንዴ ይቁሙማ። [ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ፣ በሹክሹክታ] ያ ሐኪም... የት ነው ያለው?

ሾፌሩ፦ ምነው፣ ልትጣይው ነው?

ፀጉር ሠሪዋ፦ [ጉንጯን ይዛ] ኧረ ለራሴ ነው። ሰኞ ዕለት ይሄንን መድኃኒት ለሙከራ ተቀብቼው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቀዝቃዛ ውሃ በቀመስኩ ቁጥር ጣሪያ ነው የምነካው።

ሾፌሩ፦ [በሩን እየከፈተላት] ነይ በይ ውጪ። ትራንስፖርቱ በእኔ ነው።